ሰባት ቤት ቈጥረን ምን አገኘን?

ባለፈው ኅዳር በአንድ ወዳጃችን ቤት በቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ላይ ተገኝተን ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ጨዋታው ሞቅ ሲል ባለቤቱ የስምንት ዓመት ልጃቸውን ወደ መካከል ጠሩና «እስቲ ለአባቶች ትውልድህን ቍጠርላቸው» አሉት። ልጁም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከአባቱ ተነሥቶ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ ያለ አንዳች መደነቃቀፍ ቈጠረ። ከሰባቱ ሁለቱ ደጃዝማች፣ አንዱ ፊታውራሪ ነበሩ። ሽማግሎቹ «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው መረቁት፤ አንደኛውም ከኪሳቸው ብር አውጥተው በእጁ አስጨበጡት።

በዚያው ቤት ኵስኵስትና ሳፋ ይዞ እንግዶቹን ሲያስታጥብ የዋለ ሌላ ልጅ ነበር። እናቱ ሸክላ ሠርታ በገበያ እየሸጠች የምታሳድገው የጎረቤት ልጅ ነው። በዕድሜ ከባለቤቱ ልጅ እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን ከደብሩ ቄስ ዘንድ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባብ ወጥቶ፣ ዳዊት ደግሟል። ይህን የሚያውቁ ከተሰብሳቢው መካከል ሦስት ወይም አራት ሰዎች ነበርን። የባለቤቱ ልጅ ብሩን እንደ ጨበጠ ወደ እርሱ ዞር ብሎ «አንተስ ስንት ቤት ትቈጥራለህ?» አለው። ልጁ «አባቴን ብቻ ነው የማውቀው» ብሎ አቀረቀረ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኛ አልሳቅንም፤ ነገር ግን ጕርሻችንን አላምጠን ዋጥን እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ልጁ ኵስኵስቱን አንሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ይህን የምንጽፈው ያን ዕለት ልንናገረው ይገባን የነበረውን ነገር ዘግይተንም ቢሆን ለመናገር ነው።

ትውልድ መቍጠርን ልንነቅፍ አልተነሣንም። አባቶቻችን ሰባት ቤት የቈጠሩት ለጌጥ አልነበረም፤ ሁለት ከባድ ጕዳዮች ነበሩበት። አንደኛው ጋብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በሥጋ ዘመዳሞች መካከል ጋብቻን ስለምትከለክል፣ ልጅ የሚድር ሰው የሙሽራውንና የሙሽራይቱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይመረምር ነበር፤ ዛሬም ይመረምራል። ሁለተኛው ርስት ነው። በጎጃምና በጎንደር፣ በሌላውም የርስት አገር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው በሽማግሎችና በዳኛ ፊት ቆሞ ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ሐረግ መቍጠር ነበረበት። በቈጠራው የተሳሳተ እርሻውን አጣ ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ግን ይህ ሁለተኛው ጕዳይ አበቃ። ዛሬ ሰባት ቤት ቈጥሮ ጥማድ መሬት የሚያገኝ የለም። እንግዲህ ከሁለቱ ፍሬዎች የጋብቻው ቀረ፤ ከእርሱም ጋራ አንድ ገለባ ተርፎ ቀረ፤ እርሱም በዚያ ማኅበር ላይ ያየነው ኵራት ነው።

ይሁን እንጂ «አቅኚ አባት» የሚለውን ስም እስቲ ቆም ብለን እናስተውለው። አቅኚ ማለት ዱሩን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ አውሬውን አባርሮ፣ ጠፍ የነበረውን መሬት ያቀና ሰው ነው። የርስቱ ሐረግ ሁሉ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። የአቅኚው አባት ማን እንደ ነበረ፣ አያቱ ከየት እንደ መጣ ግን ዳኛውም አይጠይቅም፤ ጠያቂውም አይናገርም። እርሱ የሚታወቀው በምሳሩ ነው። እንደዚሁም ደጃዝማችነት ሹመት ነው እንጂ ከእናት ማኅፀን ይዞት የሚወጣ ነገር አይደለም፤ አባትየው ያገኙት አንድ ነገር አድርገው ይሆናል፤ ልጃቸውም እንደ ገና ዘምቶ ወይም አገልግሎ ካልተሾመ በስተቀር አቶ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ስለዚህ በዘር የሚኰራ ሰው ወደ ኋላ ቢቈጥር ቢቈጥር፣ ቈጠራው የሚያርፈው በመወለዱ ሳይሆን በመሥራቱ በታወቀ ሰው ላይ ነው። የሚያሳዝነው ግን በአቅኚው የሚኰሩት ሰዎች ምሳር የያዘን ሰው መናቃቸው ነው።

በዚህ ነገር አገራችን ከባድ ዕዳ አለባት። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ በማረሻው እያረስን፣ በጋቢው እየሞቅን፣ በምጣዱ እየጋገርን በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሰው በእጅ ሥራው እንዳይሰደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም ስድቡ ከገበያ ጠፋ ቢባል ከልብ አለመጥፋቱን በዚያ ማኅበር አይተናል። ላሊበላን ተመልክተን እንኰራለን፤ እነዚያ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከቋጥኝ የተፈለፈሉት በድንጋይ ጠራቢዎች መሮ ነው። መላእክት ሌሊት ሌሊት ይረዷቸው ነበር የሚለውን ትውፊት እኛም እንወደዋለን፤ ነገር ግን ትውፊቱ ራሱ ቀን ቀን የሠሩት ሰዎች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ልጁን ለጠራቢ ልጅ አልድርም የሚል ሰው ላሊበላ ድረስ ሄዶ በፎቶግራፍ ፊት የሚቆመው በምን መብት ነው? ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ እንደ ኖረ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ይኸው ሐዋርያ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት እንደ እኛ ልጅ ትውልዱን ይቈጥራል፤ ነገዱን፣ ወገኑን፣ በስምንተኛው ቀን መገረዙን ሳይቀር ዘርዝሮ ሲያበቃ ግን ያን ሁሉ ስለ ክርስቶስ እንደ ጕድፍ ቈጥሬ ጣልሁት ይላል።

እስከዚህ ድረስ የዘርን ኵራት ስንነቅፍ ብዙ አንባቢ ከእኛ ጋራ የሚስማማ ይመስለናል። የሚከብደው የሚቀጥለው ነው፤ እርሱም የእኛው የአስተማሪዎቹ ጥፋት ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት የደጃዝማች ልጅ፣ የገበሬ ልጅ ብለን አንለይም። ነገር ግን «ይህ ልጅ ጭንቅላት አለው፤ ያኛው ግን ጭንቅላት የለውም» እንላለን። ይህም ያው ነው። ደምን በጭንቅላት ተካነው እንጂ ልጁ ራሱ ባልሠራው ነገር ማክበርንና ማዋረድን አልተውንም።

ከዓመታት በፊት በምናስተምርበት ክፍል በሒሳብ እጅግ ፈጣን የሆነ ልጅ ነበር። ጥያቄው ከሰሌዳው ላይ ሳይጠናቀቅ መልሱን ይናገራል። እኛም ደስ እያለን በጓደኞቹ ፊት «ይህ ልጅ ለሒሳብ የተፈጠረ ነው» እንል ነበር፤ ለአባቱም በወላጆች ቀን ይህንኑ ነገርናቸው። ስምንተኛ ክፍል በደረሰና አልጀብራው በጠነከረ ጊዜ ልጁ መለወጥ ጀመረ። የቤት ሥራውን «ረሳሁት» ይላል፤ በፈተና ቀን ራሱን ያመዋል። አንድ ቀን ከዐሥር አራት ያገኘበትን ወረቀት ቀድዶ ጥሎ፣ ለአባቱ መምህሩ ወረቀቴን አጠፉብኝ ማለቱን ሰማን። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለብቻው ጠርተን ስንጠይቀው ብዙ ዝም ካለ በኋላ ያለውን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም። «መምህር፤ ሳጠና ካዩኝ ጭንቅላት የለውም ይሉኛል፤ ካላጠናሁ ደግሞ እወድቃለሁ» አለን።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ሐሰተኛም ሆኖ አልተፈጠረም። የታሰረበትን ገመድ የፈተልነው እኛ ነን። ለሒሳብ የተፈጠረ ነው ባልነው ጊዜ፣ መድከም ያልተፈጠረ መሆንን የሚያሳይ ምልክት ነው ብለን ያስተማርነው መሆኑን አላወቅንም። በተፈጥሮ ስጦታ የሚኰራ ሰው ስጦታውን ከመጠበቅ በቀር ሌላ የሚሠራው ነገር የለውም፤ ጠባቂ ደግሞ ዘወትር ፈሪ ነው።

ይህን እኛ በአንድ ልጅ ላይ ያየነውን፣ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ በአሜሪካ አገር የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአምስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ፈትነው በ1998 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ልጆቹ አንድ ፈተና ከሠሩ በኋላ አንደኛውን ወገን «ብልህ ብትሆን ነው» ብለው፣ ሁለተኛውን «ብትደክምበት ነው» ብለው አመሰገኗቸው። ቀጥሎ እጅግ ከባድ ፈተና ሰጥተው ሁሉም እንዲቸገሩ አደረጉ፤ በመጨረሻም ከመጀመሪያው ጋራ በክብደት የሚተካከል ሌላ ፈተና ሰጧቸው። በብልህነታቸው የተመሰገኑት ከመጀመሪያ ውጤታቸው ወረዱ፤ በድካማቸው የተመሰገኑት ከፍ አሉ። ይልቁንም እኛን ያስደነገጠን ሌላው ነው። ውጤታችሁን ለማታውቋቸው ልጆች ጻፉላቸው በተባሉ ጊዜ፣ ከብልሆቹ ከመቶ 38 ያህሉ ከፍ አድርገው ዋሹ፤ ከሌሎቹ የዋሹት ከመቶ 13 ያህል ናቸው። የተቀደደው ወረቀት ትዝ አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከ20 ዓመት በኋላ በቻይና ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ሲደረግ ይህን የሚያህል ልዩነት አልታየም፤ ስለዚህ አንዲት የምስጋና ቃል የልጅን ዕድል ትወስናለች ብለን አንሰብክም። ያ ልጅ የነገረን ግን ያለ ምርመራም ይበቃናል።

ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ የሚለውን ቃል ከክፍላችን አስወጣነው። በምትኩ «ይህን በሦስተኛው ሙከራ አገኘኸው» እንላለን፤ ስሕተት የበዛበትን ነገር ግን ያልተተወውን ደብተር አንሥተን ለክፍሉ እናሳያለን። እኛም ሰሌዳው ላይ ስንሳሳት እንደ ቀድሞው በእጃችን ጋርደን አናጠፋውም። ያ ልጅ ስምንተኛን ከክፍሉ ሰባተኛ ወጥቶ ጨረሰ። አባቱ ቅር አላቸው። ልጁ ግን አባቱ ባሉበት ደብተሩን ገልጦ አንድ ገጽ ሙሉ የተሰረዘ ስሌት አሳየንና «ይኸኛው ሁለት ማታ ፈጀብኝ» አለን፤ ድምፁም የሚኰራ ሰው ድምፅ ነበር።

የውጭ አገር ሰዎችም እኛን ሲያመሰግኑ ይህን ስሕተት ይሠራሉ፤ እኛም ደስ ብሎን እንቀበላቸዋለን። ሯጮቻችን የሚያሸንፉት በደጋ ስለ ተወለዱ ነው፣ እግራቸው ለሩጫ የተፈጠረ ነው ይባላል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በደብረ ብርሃን አካባቢ በጃቶ ተወለደ። ጃቶ ደጋ መሆኗ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ደጋ በዚያው ዘመን የተወለዱ እረኞች ሁሉ ሮም አልደረሱም። ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋራ ዓመታት የለመደውን ልምምድ ረስተን እግሩን ብቻ ስናወድስ፣ ያወደስነው መስሎን ድካሙን እንቀማዋለን። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ፣ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተነሣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ እንደ ገና አሸነፈ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም በደረሰበት የመኪና አደጋ ግን እነዚያ እግሮች ዳግመኛ አልቆሙም። ክብሩ በእግሩ የነበረ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ባበቃ ነበር። እርሱ ግን በ1962 ዓ.ም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጕዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ይዞ ቀረበ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ዐረፈ። እኛ ለልጆች የሮሙን ፎቶግራፍ እናሳያለን፤ የቀስቱንም ብናሳይ መልካም ነበር።

አሁን ግን አንድ አስተዋይ አንባቢ «በድካም መኵራትስ ትዕቢት አይደለምን?» ብሎ እንደሚጠይቀን እናውቃለን። በሉቃስ ወንጌል የምናገኘው ፈሪሳዊ ወደ መቅደስ ወጥቶ የተመጻደቀው በአብርሃም ልጅነቱ አልነበረም፤ በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙን፣ ዐሥራት ማውጣቱን ነው የቈጠረው። ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ነገር ግን ቀራጩ ጸድቆ ተመለሰ እንጂ እርሱ አይደለም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኛም በቀላሉ አናልፈውም። ቋንቋችን ኵራት በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር ያስሸክማል፤ ሠርቶ ደስ መሰኘትንና በሌላው ላይ መታበይን። ፈሪሳዊው የጠፋው በመጾሙ ደስ ስላለው አይመስለንም፤ ዐይኑን ወደ ቀራጩ ስላዞረ ነው። ድካምም ቢሆን እንደ ሰባት ቤት ቈጠራ ሌላውን ለማሳነስ የሚቈጠር ከሆነ ያው ገለባ ነው። ማጥናት የቻለ ልጅ መብራት ያበራለት፣ እራት ያቀረበለት፣ «ዛሬ ውሃ አትቅዳ፣ አንብብ» ያለው ሰው አለ። ያ ኵስኵስት የያዘው ልጅ ዳዊት የደገመው ከሥራው ተርፎ በሰረቃት ሰዓት ነው። ሁለቱን ድካም በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ዐዋቂ አይባልም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከመምህሮቻችን አፍ ሰምተናል። ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ ወደ አጎቱ ወደ ጌዴዎን ተመለሰ። ኋላም ትውፊቱ እንደሚለው ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች የሰማይን ዜማ አሰሙት። ልጆች ሳለን ወፎቹን እንወድ ነበር፤ ዛሬ ግን የታሪኩ ቅደም ተከተል ይበልጥ ይገርመናል። ትሏ ከወፎቹ ትቀድማለች። ዜማው ስጦታ ነው፤ ማንም ያሬድ ከራሱ አመነጨው አይልም። ተነሥቶ ወደ መምህሩ የተመለሰው ግን በገዛ እግሩ ነው። ወፍ ሳይመጣላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፉን የሚወጡ ብዙ ደጋግ ተማሪዎች አሉ። ከእነርሱ ጋራ ዜማ ቤት አድረናል፤ ደበሎ ለብሰን አብረን ቍራሽ ለምነናል። ድጓውን ሳይዘልቁ የቀሩት ኋላ ከተመሰከረላቸው ጥቂቶች ያነሰ አልደከሙም፤ በዚያ ድካማቸውም ቀና ብለው የመሄድ መብት አላቸው።

በቤታችን ትውልድ መቍጠር አልቀረም። እናታችን ዕድሜ ይስጣትና ለልጆቻችን እርሷ ናት የምታስቈጥራቸው። ከዚያ ማኅበር ከተመለስን በኋላ ግን የዐሥር ዓመት ልጃችንን «በያንዳንዱ ስም ላይ ምን እንደ ሠሩ አያትሽን ጠይቂ» አልናት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ተፈልቶ ሳለ ልጅቱ ጠየቀች። እናታችን የራሷን አባት ስትጠራ፣ በሰፈሩ የመጀመሪያውን የውሃ ጕድጓድ እንዳስቈፈረ ተናገረች። አያቷ ከብት ነጋዴ ነበር፤ እስከ ከፋ ድረስ በእግሩ ሄዷል። ወደ ሦስተኛው ስትደርስ ዝም አለች።

«እርሱን እንኳ አላውቅም» አለች። «በክፉው ቀን መጀመሪያ ላይ ነው የሞተው ይላሉ።»

ክፉው ቀን ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ የከብቱ እልቂትና ረኃቡ አገሩን ያጠፋበት ዘመን ነው። «ሚስቱ ናት እንጂ!» አለች እናታችን፤ ድምፅዋም ተለወጠ። «በሬው ሁሉ አልቆ የሚያርስ ጠፍቶ ሳለ፣ ሦስት ልጆች ይዛ፣ ዶማ አንሥታ ብቻዋን ቈፍራ ገብስ የዘራች እርሷ ናት። አያቴ ከሦስቱ ትንሹ ነበር። እጇ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር እያለ ሲነግረን አለቀሰ። እርሷ ባትቈፍር ኖሮ እኔም የለሁ፣ አባትሽም የለ፣ አንቺም የለሽ።»

ልጃችን ሲኒዋን አስቀምጣ «እማማ፣ ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

እናታችን ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ከመጀመሪያው ጀምራ እንደ ገና ቈጠረች። ሰባት ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ እጇን ጕልበቷ ላይ አሳርፋ «አያቴ እናቴ ይላት ነበር እንጂ ስሟን ሲጠራ አልሰማሁም» አለች።